ቴሌቪዥኑ አዲስ፣ ምስሉ ለምን ደበዘዘ?

[የመግቢያ ሙዚቃ፤ ከፍ ብሎ ይሰማና ከአቅራቢው ድምፅ ሥር ዝቅ ይላል]



የዛሬው ጉዳያችን ሳሎን ውስጥ ነው ያለው። ቤተሰብ ገንዘብ አጠራቅሞ ትልቅ ፍላት ስክሪን ይገዛል። ሱቅ ውስጥ ሲያየው ምስሉ ቁልጭ ያለ ነበር። ቤት አምጥቶ ከዲሹ ጋር ሲያገናኘው ግን የዜና አንባቢዋ ፊት ደብዝዟል፤ ከሥር የሚያልፈው ጽሑፍ ጠርዙ ተበልቷል። «የድሮው ወፍራሙ ቴሌቪዥን ይሻል ነበር!» የሚል ቅሬታ ይከተላል።

እናንተስ ቤት ይኼ ነገር አለ? ካለ ዛሬ ለናንተ ነው። ሌላ ቴሌቪዥን ሳትገዙ፣ ጣሪያ ላይም ሳትወጡ ምስሉን የምታሻሽሉበትን መንገድ አንድ በአንድ እናያለን።

አስቀድመን ግን አንድ ቤት ጎራ እንበል።

[የዜና ንባብ ከሩቅ ይሰማል፤ የወንበር መጎተት ድምፅ]

አባት፦ በይ መሰላሉን አምጪልኝ። ይኼ ዲሽ ተዛብቷል መሰለኝ፤ ሰዉ ሁሉ ፊቱ ጭጋግ ለብሷል!

ልጅ፦ ይቆዩ እንጂ አባባ። ምስሉ ይቆራረጣል?

አባት፦ ኧረ አይቆራረጥም።

ልጅ፦ ድምፁስ ይጠፋል?

አባት፦ ድምፁማ ኩልል ብሎ ነው የሚሰማው። ዓይኔን ያደከመው ምስሉ ነው።

ልጅ፦ ታዲያ ጣሪያ ላይ ምን ያወጣዎታል? ዲሹ ሥራውን ሠርቷል። ችግሩ እዚሁ ሳሎን ውስጥ ነው።

[አጭር ሙዚቃ]

ልጅቷ ልክ ናት። ለምን ልክ እንደሆነች እንመልከት።

በድሮው በአንቴና ዘመን ሲግናል ሲደክም ምስሉ ይዥጎረጎር ነበር፤ በረዶ የሚዘንብበት ይመስል ነበር። አንዱ ጣሪያ ላይ ወጥቶ አንቴናውን ያዞራል፤ ሌላው ከታች «ጨምር! ተወው! አበላሸኸው!» እያለ ይጮኻል። ያ ልማድ ዛሬም አልለቀቀንም።

የዛሬው የሳተላይት ሥርጭት ግን ዲጂታል ነው። ዲጂታል ሲግናል ሲደክም ምስሉ ወደ አራት ማዕዘን ቁርጥራጮች ይበታተናል፣ ይደርቃል፣ ድምፁ ይቆራረጣል፤ ከባሰም «ሲግናል የለም» የሚል ጽሑፍ ይመጣል። ሲግናሉ በበቂ ሁኔታ ከደረሰ ደግሞ ምስሉ የተላከውን ያህል ጥራት ይዞ ይመጣል። ዲሹን ከዚያ በላይ ብታስተካክሉት ምስሉ አይጠራም።

ይህን ያዙልኝ። ምስሉ ከተቆራረጠ ወይም ከደረቀ የዲሽ ባለሙያ ጥሩ። ምስሉ ሳይቆራረጥ ከደበዘዘ ግን መሰላሉን ወደ ቦታው መልሱ።

[አጭር ፋታ]

እሺ፣ ድብዘዛው ከየት መጣ?

የቴሌቪዥን ምስል የተሠራው ከጥቃቅን ነጥቦች ነው፤ ፒክስል ይባላሉ። ስታንዳርድ ወይም ኤስዲ የምንለው የቆየው ዓይነት ሥርጭት፣ በእኛ አገር በሚሠራበት ስልት፣ ወደ ጎን 720፣ ወደ ታች 576 ነጥቦች አሉት። ፉል ኤችዲ ስክሪን ደግሞ ወደ ጎን 1920፣ ወደ ታች 1080 አለው።

ቁጥሩን ካልያዛችሁት ግድ የለም። ይህችን ብቻ ያዙ፦ የፉል ኤችዲ ስክሪን ነጥቦች የኤስዲውን ምስል 5 እጥፍ ናቸው። ፎር ኬ የሚባለውማ 20 እጥፍ ይደርሳል።

እንግዲህ አስቡት። ለትንሽ ምጣድ የተለካ ሊጥ ይዛችሁ በትልቅ ምጣድ ላይ ዙሪያውን አዳርሱ ብትባሉ እንጀራው ይሳሳል። ስክሪኑም አንድ ነጥብ ተሰጥቶት አምስት ቦታ መሙላት አለበት። የጎደለውን ከጎረቤት ነጥቦች እየገመተ ይሞላዋል። ያ ግምት ነው ለዓይናችን ብዥታ ሆኖ የሚታየው።

የድሮው ቴሌቪዥንስ ለምን ይሻል ነበር? አንደኛ፣ ስክሪኑ ትንሽ ነበር፤ ጉድለቱ ጎልቶ አይወጣም። ሁለተኛ፣ የተሠራው ለዚያው ዓይነት ምስል ስለነበር ምንም መገመት አያስፈልገውም። መስመሮቹን ልስልስ አድርጎ ስለሚስል ሻካራውን ነገር ይሸፍነው ነበር። አዲሱ ስክሪን ግን ገመና አይሸፍንም።

ስለዚህ የዛሬው ዋና ነጥባችን ይኼ ነው። ጣቢያው ያልላከውን ዝርዝር ማንም ቴሌቪዥን ሊፈጥረው አይችልም። የተላከውን ግን ብዙዎቻችን ቤታችን ውስጥ እናባክነዋለን። የምናባክንባቸው ቦታዎች አምስት ናቸው። በአምስት ጣታችሁ ቁጠሩልኝ፦ ገመዱ፣ ሪሲቨሩ፣ የምስሉ ቅርፅ፣ የቴሌቪዥኑ ሴቲንግ፣ መቀመጫችን።

[የመሸጋገሪያ ሙዚቃ]

አንደኛ፣ ገመዱ።

ከሪሲቨሩ ጀርባ የሚወጣው ገመድ ምን ዓይነት ነው? ጫፉ ሦስት ክብ መሰኪያ ሆኖ ቢጫ፣ ቀይና ነጭ ከሆነ፣ ኤቪ ኬብል ነው። ቀይና ነጩ ድምፅ ይወስዳሉ። ምስሉ በሙሉ የሚያልፈው በቢጫዋ ብቻ ነው።

የቢጫዋ ገመድ ችግር ሁለት ነው። አንደኛው፣ ከኤስዲ በላይ የሆነ ምስል ማሳለፍ አትችልም። ከሳተላይቱ የወረደው ኤችዲ ቢሆን እንኳ፣ ሪሲቨሩ ወደ ኤስዲ አውርዶ ነው በቢጫዋ የሚልከው። ሁለተኛው፣ ብርሃኑንና ቀለሙን ባንድ ላይ ቀላቅላ ነው የምትወስደው። ቴሌቪዥኑ መልሶ ሲለያያቸው ሙሉ በሙሉ አይሳካለትም።

ይህን በዓይናችሁ ማየት ትችላላችሁ። ዛሬ ማታ ዜና ሲጀምር ወደ ስክሪኑ ጠጋ በሉና ከሥር የሚያልፈውን ጽሑፍ ተመልከቱ። በተለይ ቀይ መደብ ላይ የተጻፈ ነጭ ፊደል ካለ ጥሩ ነው። ቀዩ ከመስመሩ አልፎ ወደ ጎን ፈሶ ታገኙታላችሁ። በፊደሎቹ ጠርዝ ላይም ጥቃቅን ነጥቦች እንደ ጉንዳን ሲርመሰመሱ ታያላችሁ። ያ የጣቢያው ጥፋት አይደለም፤ የቢጫዋ ገመድ ሥራ ነው።

መፍትሔውስ? ኤችዲኤምአይ የሚባለው ኬብል ነው። ጫፉ ጠፍጣፋ ነው፤ ምስሉንም ድምፁንም በአንድ ገመድ፣ በዲጂታል ያደርሳል። ሪሲቨራችሁ ጀርባ ላይ ጠፍጣፋ ቀዳዳ ካያችሁና «ኤችዲኤምአይ» የሚል ከተጻፈበት፣ ገመዱን መቀየር ብቻ ነው የቀራችሁ።

«ውዱን ልግዛ ወይስ ርካሹን?» ትሉ ይሆናል። ከሪሲቨር እስከ ቴሌቪዥን ላለችው አጭር ርቀት፣ በደንብ የተሠራ ተራ ገመድ ይበቃል። ጫፉ ወርቅ የተቀባ ነው ተብሎ እጥፍ ዋጋ የሚጠየቅበት ገመድ ምስሉን የበለጠ አያጠራውም።

ስትቀይሩ ሁለት ነገር አትርሱ። መጀመሪያ ሁለቱንም ዕቃ አጥፍታችሁ ከኤሌክትሪኩ ንቀሉ። ከሰካችሁ በኋላ ደግሞ በቴሌቪዥኑ ሪሞት «ሶርስ» ወይም «ኢንፑት» የሚለውን ተጫኑና፣ ከ«ኤቪ» ወደ «ኤችዲኤምአይ» ቀይሩ። ይህችን ረስተው «ገመዱ አይሠራም» ብለው የሚመልሱ ሰዎች ጥቂት አይደሉም።

[አጭር ፋታ]

ሁለተኛ፣ ሪሲቨሩ።

በ2012 ዓ.ም. ኢትዮሳት የተባለው የሳተላይት ሥርጭት ሥራ ሲጀምር ብዙዎቻችን ዲሻችንን ከናይልሳት ወደዚያ አዙረናል። ዲሹ ዞረ፤ ሪሲቨሩ ግን በየቤቱ አንድ ዓይነት አይደለም። ኤስዲ ብቻ የሚያሳይ የቆየ ሪሲቨር የኤችዲ ቻናሎችን አይከፍትም፤ ወይ ዝርዝሩ ውስጥ አያመጣቸውም፣ ወይ ድምፅ ብቻ ይሰጣችኋል። ሪሲቨራችሁ እንዲህ ከሆነ፣ ለቴሌቪዥን ከምታወጡት ገንዘብ በጣም ባነሰ ዋጋ ኤችዲ ሪሲቨር መግዛት ትልቅ ለውጥ ያመጣል።

ኤችዲ ሪሲቨር ላላችሁ ደግሞ አንድ ጥያቄ አለኝ። የምትከፍቱት ቻናል ኤችዲው ነው ወይስ ኤስዲው? አንዳንድ ጣቢያ ዝርዝሩ ውስጥ ሁለት ቦታ ይገኛል። ጣታችን የለመደው ቁጥር ላይ ስለሚሄድ ኤችዲው እያለ ኤስዲውን ስናይ እንኖራለን። ሪሞቱ ላይ «ኢንፎ» የሚለውን ተጫኑ። በብዙ ሪሲቨሮች 576፣ 720 ወይም 1080 የሚል ቁጥር ይወጣል። 576 ካለ ኤስዲ ነው፤ 720 ወይም 1080 ካለ ኤችዲ ነው።

አሜሪካ ሆናችሁ ለምታዳምጡን ወገኖቻችንም ይኼ ይመለከታችኋል። እዚያ ኤስዲው 480 መስመር ነው፤ ከኛውም ያንሳል። በአንዳንድ የኬብል ድርጅቶች አንድ ጣቢያ በዝቅተኛ ቁጥር በኤስዲ፣ በሌላ ከፍ ባለ ቁጥር በኤችዲ ይገኛል። እናትና አባት ከአገር ቤት መጥተው ቤት ከዋሉ፣ የሚከፍቱት የትኛውን ቁጥር እንደሆነ እዩላቸው። የኬብል ሳጥኑም ኤስዲ ብቻ ከሆነ ድርጅቱ እንዲቀይርላችሁ ጠይቁ።

ወደ ሪሲቨሩ ሴቲንግ ደግሞ እንግባ። ውስጡ «ቲቪ ሲስተም» ወይም «ቪዲዮ ሪዞሉሽን» የሚል ቦታ አለ። 576፣ 720፣ 1080 እያለ ያስመርጣችኋል። ይህ ሪሲቨሩ ምስሉን በምን ያህል አሳድጎ ለቴሌቪዥኑ እንደሚያስረክብ የሚወስን ነው።

የትኛው ይሻላል? ለኤችዲ ቻናል 1080 ላይ አድርጉት። ለኤስዲ ቻናል ግን ሞክሮ ማየት ያስፈልጋል። ምስሉን የማሳደጉን ሥራ ሪሲቨሩም ይችላል፣ ቴሌቪዥኑም ይችላል፤ ጥያቄው ማን ይሻላል ነው። ሪሲቨሩ ርካሽ፣ ቴሌቪዥኑ ጥሩ ከሆነ፣ 576 ላይ አድርጎ ሥራውን ለቴሌቪዥኑ መተው አንዳንዴ የጠራ ምስል ይሰጣል። አንድ ዓይነት ቻናል ላይ ሆናችሁ ሁለቱንም እዩ፤ ዓይናችሁ ይፍረድ።

[የመሸጋገሪያ ሙዚቃ]

ሁለት ጣት አጠፍን፦ ገመዱና ሪሲቨሩ። ሦስተኛው ምን ነበር? የምስሉ ቅርፅ!

የድሮ ቪዲዮዎችና የኤስዲ ዝግጅቶች ብዙዎቹ የተቀረጹት ለጠባቡ፣ 4 በ3 ለሚባለው ስክሪን ነው። የዛሬው ስክሪን ሰፊ ነው፤ 16 በ9 ይባላል። ጠባቡ ምስል ሰፊው ስክሪን ላይ ሲቀመጥ ከወርዱ አራት እጅ ሦስቱን ብቻ ይይዛል። ግራና ቀኝ ጥቁር ቦታ ይቀራል።

ብዙ ሰው ይህን ጥቁር ቦታ አይወደውም። «ለሙሉ ስክሪን ከፍዬ ለምን ጎዶሎ አያለሁ?» ይልና ይለጥጠዋል። ያኔ ሰዉ ሁሉ ይወፍራል፤ ኳሷ በቅርብ ስትታይ እንቁላል ትሆናለች። በዚያ ላይ ያለችው ትንሽ ዝርዝር የባሰውኑ ተወጥራ ትሳሳለች። «ዙም» የሚባለው ደግሞ ከላይና ከታች ቆርጦ ጥሎ የቀረውን ያጎላል፤ ብዥታውም አብሮ ይጎላል።

ምክራችን፦ ሪሲቨሩ ላይ የስክሪኑን ዓይነት 16 በ9 አድርጉ፤ የምስሉን አቀማመጥ «ኦቶ» ላይ ተዉት። ጥቁሩን ቦታ ለምዱት። ኳሷ ክብ ሆና ከታየቻችሁ ቅርፁ ተስተካክሏል።

አንድ ነገር ልጨምር። ከሥር የሚያልፈው ጽሑፍ ግማሹ ከስክሪኑ ውጭ ይቆረጥባችኋል? ቴሌቪዥኑ ጠርዙን እየከረከመ ምስሉን በጥቂቱ እያሳደገው ነው ማለት ነው። በ«ፒክቸር ሳይዝ» ውስጥ ሳምሰንግ ላይ «ስክሪን ፊት»፣ ኤልጂ ላይ «ጀስት ስካን» የሚለውን ፈልጉ። ያንን ስትመርጡ ምስሉ ሳይከረከም ይቀመጣል።

[አጭር ፋታ]

አራተኛ፣ የቴሌቪዥኑ ሴቲንግ።

ሱቅ ውስጥ ያየነው ያ ቁልጭ ያለ ምስል ትዝ ይለናል አይደል? እዚያ የሚያሳዩት ለማሳያ ተብሎ የተዘጋጀ፣ ጥራቱ ከፍተኛ የሆነ ቪዲዮ ነው። ቴሌቪዥኑም ከሱቁ ኃይለኛ መብራት ጋር እንዲፎካከር ቀለሙ በጣም ከፍ ብሏል። «ቪቪድ» ወይም «ዳይናሚክ» የሚባለው ነው። ቤት ውስጥ ለኤስዲ ምስል ይህ አይሆንም። በምትኩ «ስታንዳርድ» ወይም «ሙቪ» ምረጡ። መጀመሪያ ምስሉ የፈዘዘ ይመስላችሁ ይሆናል፤ ሁለት ሦስት ቀን ታገሡት፣ ዓይን ይለምዳል።

ቀጥሎ «ሻርፕነስ» የሚባለው አለ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ምስሉ ሲደበዝዝበት ይህን እስከ ጣሪያ ይጨምረዋል። ሻርፕነስ ግን አዲስ ዝርዝር አያመጣም፤ የነገሮችን ጠርዝ በመስመር ማድመቅ ነው ሥራው። ጠርዙን ሲያደምቅ ቆሻሻውንም አብሮ ያደምቀዋል።

እንዴት ታውቁታላችሁ? የዜና አንባቢውን ትከሻ ተመልከቱ። ጥቁር ኮት ለብሶ ከኋላው ደማቅ መደብ ካለ፣ በትከሻው ዙሪያ ቀጭን ነጭ መስመር አለ? ስቱዲዮ ውስጥ ያ መስመር የለም፤ የፈጠረው ሻርፕነሱ ነው። ቁጥሩን ቀስ እያላችሁ አውርዱ። ነጩ መስመር ሲጠፋ እዚያው አቁሙ። ቁጥሩ እንደ ቴሌቪዥኑ ሥሪት ስለሚለያይ፣ ከቁጥሩ ይልቅ ያችን መስመር ተከተሉ።

በመጨረሻም «ኖይዝ ሪዳክሽን» የሚባል አለ፤ ሳምሰንግ ላይ «ዲጂታል ክሊን ቪው» ይባላል። ኤስዲ ቻናል ሲላክ ቦታ እንዳይፈጅ በጣም ይጨመቃል። በኳስ ጨዋታ ላይ ካሜራው ፈጠን ብሎ ሲዞር ሣሩ ተለቅልቆ የሚታየን በዚያ የተነሳ ነው። ይህ ሴቲንግ ያንን ሻካራነት በመጠኑ ያለሰልሰዋል። «ሎው» ወይም «ኦቶ» ላይ አድርጉት። ከበዛ የሰው ፊት ሰም የተቀባ ይመስላል።

[የመሸጋገሪያ ሙዚቃ]

አምስተኛው ጣት፣ መቀመጫችን። ይኼ ገንዘብም ባለሙያም አይጠይቅም፤ ሶፋ መግፋት ነው።

ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት ልኬት አለ። ለኤስዲ ምስል የስክሪኑን ቁመት 6 ጊዜ ያህል፣ ለፉል ኤችዲ ደግሞ 3 ጊዜ ያህል ርቆ መቀመጥ ነው። ሜትር አያስፈልጋችሁም። ክር ወስዳችሁ የስክሪኑን ቁመት፣ ከላይ እስከ ታች ለኩ። ያንን ስድስት ጊዜ ወለሉ ላይ ዘርጉት። ክሩ ያለቀበት ቦታ ላይ ወንበር አድርጉ።

በምሳሌ ልንገራችሁ። ባለ 32 ኢንች ቴሌቪዥን ከሆነ ወደ ሁለት ሜትር ተኩል ገደማ ይመጣል። ባለ 43 ከሆነ ከሦስት ሜትር በላይ ነው። አሁን ሳሎናችሁን አስቡት። የኮንዶሚኒየም ጠባብ ሳሎን ውስጥ ሦስት ሜትር ከየት ይመጣል? ብዙ ጊዜ ኤስዲ ቻናል የምታዩ ከሆነና ቤታችሁ ጠባብ ከሆነ፣ ቴሌቪዥን ስትገዙ ትልቁን መምረጥ ድብዘዛውንም አተልቆ መግዛት ነው። ይህን ገና ልትገዙ ላሰባችሁ አደራ እላለሁ።

[አጭር ፋታ]

«ሁሉን አድርጌ ባይጠራስ?» የሚል አይጠፋም። ልክ ነው፣ ገደብ አለው። በስልክ የተቀረጸ ቪዲዮ፣ ከድሮ ክምችት የወጣ ድራማ፣ ጣቢያው ራሱ አብዝቶ ጨምቆ የላከው ዝግጅት፣ የትኛውም ሴቲንግ አያጠራውም። የቻናሉ ስም ላይ ኤችዲ ስለተጻፈም የሚያስተላልፈው ሁሉ በኤችዲ የተቀረጸ ነው ማለት አይደለም። አንድ ዝግጅት ደብዝዞባችሁ ቀጣዩ ከጠራ፣ ቤታችሁ ያለው ነገር ሁሉ ደኅና ነው፤ የለያየው ቀረጻው ነው።

በሉ እንከልሰው። አብራችሁኝ ቁጠሩ።

ገመዱ፦ ቢጫዋን በኤችዲኤምአይ ቀይሩ።

ሪሲቨሩ፦ ኤችዲውን ቻናል ክፈቱ፤ ሪዞሉሽኑን ሞክሩ።

ቅርፁ፦ ኳሷ ክብ ትሁን።

ሴቲንጉ፦ ከቪቪድ ውጡ፤ ሻርፕነሱን ነጩ መስመር እስኪጠፋ አውርዱ።

መቀመጫው፦ ለኤስዲ የስክሪኑ ቁመት ስድስት ጊዜ።

የቤት ሥራ ልስጣችሁ። አምስቱንም ባንድ ቀን አትነካኩ። ሁሉን ባንዴ ከቀየራችሁ የቱ እንደረዳችሁ፣ የቱ እንዳበላሸባችሁ አታውቁም። ከገመዱ ጀምሩ፤ አንዱን ቀይራችሁ አንድ ምሽት እዩት፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው እለፉ። ሴቲንግ ከመቀየራችሁ በፊት የነበረውን ቁጥር በስልካችሁ ፎቶ አንሱት፤ ካልወደዳችሁት መመለሻ ይሆናችኋል። አባባና እማማ ሲግናል ጠፋ ብለው መሰላል ካነሱ ደግሞ ያችን ጥያቄ ጠይቋቸው፦ «ይቆራረጣል ወይስ ደብዝዟል?»

ያገኛችሁትን ለውጥ፣ ያልገባችሁንም ጥያቄ ላኩልን፤ በሚቀጥለው ሳምንት ዝግጅታችን መጀመሪያ ላይ እናነበዋለን። እስከዚያው ሰላም ሁኑ!

[የመዝጊያ ሙዚቃ፤ ከፍ ብሎ ቀስ በቀስ ይጠፋል]